ስድስተኛው አያት

መርሳትን በተመለከተ ፍርዳችን እኩል አይደለም። ጎረቤት ቀጠሮ ሲረሳ «ጭንቅላት የለውም» እንላለን፤ እኛ ስንረሳ ግን ሥራ በዝቶብን ነው። እኔ ራሴ የክርስትና ልጄን ስም ሁለት ጊዜ ረስቼ ሁለቱንም ጊዜ በጎባ ብርድ አሳብቤአለሁ። ጎባን የምታውቁ ታምኑኛላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ጋቢ ይዛችሁ ኑና ፍረዱ።

ያኔ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔም በኦሮምኛና በአማርኛ አስተርጓሚነት የምተዳደር ሰው ነበርኩ። አንድ ክረምት ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነ ወጣት ዶክተር መጥቶ ቀጠረኝ። የሚያጠናው ሐሺሽ የሰውን አንጎልና ጠባይ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ባሌ ድረስ ያመጣው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ የከባድ መኪና ረዳቶች ቅጠሉን ከወደብ ይዘው እንደሚመጡ ሰምቶ ኖሯል።

የሚያጨሱትንም የማያጨሱትንም እየጠራ የሚሰጠው ፈተና ቀላል ነው። በሬ፣ ገብስ፣ ድልድይ እያልኩ አሥራ አምስት ቃላት በኦሮምኛ አነባለሁ፤ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ሰውየው ያስታወሰውን ይነግረኛል። የማያጨሱት አብዛኛውን ይመልሳሉ። የሚያጨሱት ሦስት አራት ቃል ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራሉ። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ያደነዝዘዋል፤ ድሮ የተመዘገበውን ግን እምብዛም አይነካውም። መዝገብ ቤቱ ደህና ነው፣ ጸሐፊው ተኝቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ።

ከአጫሾቹ ሁሉ ሐቀኛው ቃዲር የሚባል የሮቤ የመኪና ረዳት ነበር። ሌሎቹ «ድሮ ነበር» ሲሉ እሱ «ዛሬ ጠዋት» ይላል። ይኼ ቃዲር ሲናና በሚባለው አገር ያለች ዘሃራ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። መከራው ቆጠራው ላይ ነው። በአገሩ ልማድ ልጅ የሚጠይቅ ሰው አባቶቹን ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ከልጅቷ ዘር ጋር ከተገናኘ ጋብቻ የለም፤ መቁጠር ካቃተውም የለም፣ ዘመዷ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? እኛም ሰባት ቤት እንቆጥራለን ባዮች ነን፤ ቆጠራውን ግን ለአክስቶቻችን ትተነዋል።

ሌላው የአገሩ ልጅ ይህን የሚማረው አፉን ሲፈታ ነው። ቃዲር ግን አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት ወደብ ለወደብ ያደገ ስለሆነ፣ ጢም ካወጣ በኋላ አጎቱ ኦቦ ቱፋ ዘንድ እንደ አዲስ ሊማር ተቀመጠ። ዛሬ አሥሩንም አባቶች ያጠናል፤ በማግስቱ ስድስተኛው የለም። ስድስተኛው ጅሎ ይባላል። አጎቱ እንዳይቆጥሩለት ደግሞ የሐሺሹ ወሬ ሲናና ደርሶ፣ ሽማግሌዎቹ ከራሱ አፍ ካልሰማን ብለዋል። ገሰራ የሚባል አገር ያለ ሌላ ሰውም ዘሃራን እንዲጠይቁለት ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ቃዲር ፈተናውን ጨርሶ ሳይወጣ ቆመ። «ዶክተር፣ ጅሎን የሚወስድብኝ ይኼ ቅጠል ነው?» አለ፣ መኪና ላይ በለመደው አማርኛ።

ዶክተሩ ብዕሩን በጣቶቹ አገላበጠ። ማመንታቱ ገብቶኛል፤ ቃዲር ካቆመ እውነት የሚነግረው አጫሽ ሊያጣ ነው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይመስለኛል። ተወው።»

«ብተወው ይመለሳል?»

«ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ቀን ይፈልጋል። አትቸኩል።»

ያን ዶክተር የወደድኩት በዚያች ሰዓት ነው።

ቃዲር ተወ። ሲባል ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው፣ ከሾፌሩም ጋር ተጣላ። ዶክተሩ ግን እየጠራ መፈተኑን አላቋረጠም፤ የሚመለሱት ቃላት በየሳምንቱ ጨመሩ። አንድ ጠዋት ቃዲር ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣና ሰላምታም ሳያስቀድም «ጋሼ፣ ጅሎ አደረ» አለኝ። ደስታው ተጋብቶብኝ አቀፍኩት።

የቆጠራው ቀን ሦስታችንም ከኦቦ ቱፋ ጋር በፈረስ ሲናና ወጣን። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቃዲር ተነስቶ ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ኦቦ ቱፋ መሬት መሬቱን አዩ። ዶክተሩ እጁን ወደ ብዕሩ ላከና መለሰ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት፤ አለዚያ ስሙ ከእኔ አፍ ሊወጣ ነበር። በሩ አጠገብ የዘሃራ ሻሽ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም።

«ጅሎ» አለ ቃዲር፤ የቀሩትን አራቱን ባንድ ትንፋሽ አወረዳቸው። ከዘሃራ አባቶች ጋር የተገናኘ አንድም አልነበረም። አባቷ ተነስተው መረቁ።

በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ ቀርቦ ስንበላ፣ ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ የእንግዳውን ሥራ ጠየቁኝ። ሰው የሚያስታውሰውንና የሚረሳውን የሚመረምር የተማረ ሰው ነው አልኳቸው። እንግዲያውስ እሱም ይቁጠርልን አሉ። ተረጎምኩለት። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ጠራ፤ ከዚያ ጭኮ ጎርሶ ረጅም ጊዜ አላመጠ። አራተኛ አልመጣም።

ሽማግሌው አልሳቁም። እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገው በሐዘኔታ አዩት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «አንተም ማጨሱን ተው። ለቃዲርም ተመልሶለታል።»

አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ሽማግሌው ቀጥለው «አንተስ?» ብለው ፊታቸውን ወደኔ ሲያዞሩ፣ ፈረሶቹ ውሃ አለመጠጣታቸው ትዝ አለኝ።