ማንም የማይሮጥበት ፊልም

እኔ የምወደው ፊልም ማንም የማይሮጥበት ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ይላሉ፣ ያወራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ፊልሙ ያልቃል። በቃ! ባለቤቴ አስቴር እንዲህ ያለውን ስከፍት ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። «ሰው ሲሞት ቀስቅሰኝ» ትለኛለች። ማንም አይሞትም፤ እሷም እንቅልፏን ትለጥጠዋለች።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። ከኮተቤ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላችሁ ሁለት ሴቶች ስለ አንደኛዋ አማት ሲያወሩ ጆሮውን ያላቆመ ማነው? እኔ አንዴ መውረጃዬን አልፌያለሁ። አማትየዋ ምን ብላ እንደመለሰች ሳልሰማ ወዴት ልውረድ? ጥይት አልተተኮሰ፣ መኪና አልተገለበጠ። ወሬ ብቻ!

ይህን እምነቴን ይዤ ነው አምና ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሕይወት የምትባል የየካ ሚካኤል ልጅ ወደደ። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ታደሰ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን እንደቆሙ መልሰዋል። ዳዊት ይህን ሲሰማ እህል አልበላ አለው። «እሷን ካጣሁ ትዳር የሚባል ነገር በቃኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው። «አይዞህ፣ ንግግሩን ለኔ ተወው» አልኩት። በወሬ ማን ይችለኛል?

ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር አቶ ታደሰ ቤት ገባን። «ተቀመጡ» ሲሉን፣ ወጉ ነውና «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። አቶ ታደሰ ፊልም እያዩ ነበር። ምን ዓይነት? የሚሮጡበት! ድምፁን ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም። እኔ ስለ ትዳር ክብር ስተነትን፣ እሳቸው በትከሻዬ በኩል የሚገለባበጥ መኪና ያያሉ።

እልህ ያዘኝ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብዬ ምሳሌ ደረደርኩ። ዝም አሉ። ትዳር የእንጦጦ ዳገት ነው፣ ተደጋግፈው ሲወጡት ይቀላል አልኩ። አሁንም ዝም! ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት አቶ በቀለ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ኮቴን ሳብ ሳብ ያደርጉኛል። እኔ ግን ሰው ዝም ሲለኝ ይብስብኛል።

በመጨረሻ አቶ ታደሰ ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉት። አሸነፍኩ አልኩ በሆዴ።

«ስማ ልጄ፤ አግቢው ወንድምህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የእናት የአባቴ ልጅ!»

«እሱም እንዳንተ ያወራል?»

ክው አልኩ። «ኧረ በፍጹም!» አልኳቸው። ዳዊት ካልጠየቁት እንደማይናገር፣ በልጅነቱም አፉን አልፈታ ብሎ እናታችን እንጦጦ ጸበል ታመላልሰው እንደነበር ነገርኳቸው።

አቶ ታደሰ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይህን አስቀድመህ አትነግረኝም? በሉ ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ፤ እኚህ አባት ሊወድቁ ነው።» ቀጠሮ እንኳ አልሰጡንም። ዳዊት በስልክ ስነግረው «እሺ» ብቻ አለኝ። ቀጥሎ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ እኔም አለቀስኩ።

አስቴር ታሪኩን ሳወራላት ሳትተኛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ዝም አይነቅዝም ማለት ይሄ ነው!» አለችኝ።

እኔ ግን እዚህ ላይ እጅ አልሰጥም። ያን ሁሉ ባላወራ ኖሮ፣ የዳዊት ዝምታ ዋጋው በምን ይታወቅ ነበር?