ጣሪያው እስኪስተካከል

(የሰፈር ቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮ። ውጭ ዝናብ ይጥላል። ጸሐፊውና አናጢው አንድ ባልዲ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ጸሐፊው፦ ልቀቅ አልኩህ! የባልዲው ቦታ እዚህ ነው።

አናጢው፦ ጠብታው እኮ እዚያ ነው ጋሼ።

ጸሐፊው፦ ጠብታ ይለዋወጣል። ቢሮ ግን ሥርዓት አለው። (ባልዲውን ይመልሳል። ጠብታው መዝገቡ ላይ ያርፋል።) ምን ፈልገህ ነው?

አናጢው፦ ያው የብድሬን ነገር። የአርባ ዴስክ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ዓርብ የመላጊያ ማሽን ካልገዛሁ ለሌላ ይሰጡታል።

ጸሐፊው፦ ብድር በመንግሥት ታግዷል። የጣሪያ ጉዳይ ነው።

አናጢው፦ (ቀና ብሎ) አይቼዋለሁ።

ጸሐፊው፦ በዓይን አይታይም!

አናጢው፦ ኧረ በደንብ ይታያል። ሰማዩም ይታያል።

ጸሐፊው፦ አይ አንተ! ጣሪያ ማለት የብድር ወሰን ነው። ከዚህ በላይ አታበድሩ ማለት ነው።

አናጢው፦ እንግዲያው ከዚህ በታች አበድሩኛ።

ጸሐፊው፦ “ከዚህ” የሚባለው ስንት እንደሆነ አልነገሩንም።

አናጢው፦ ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆጥቤያለሁ። ባንክ ብሄድ “መያዣ አለህ?” አሉኝ። የመዶሻዬን መያዣ አሳየኋቸው። በዘበኛ አስወጡኝ። ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ?

ጸሐፊው፦ እኔስ መች ተኛሁ? “ጣሪያችን ከፍ ይበልልን” ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ።

አናጢው፦ ምን አሉ?

ጸሐፊው፦ “ከፍታው ይቅርና ቀዳዳውን ድፈኑ።” ቀዳዳ ማለት የሕግ ክፍተት ነው።

አናጢው፦ (ባልዲውን አይቶ) የተማረ ይግደለኝ ይባላል። ይኸው እየገደሉኝ ነው። እስቲ ደብዳቤውን ያንብቡልኝ።

ጸሐፊው፦ በቃሌ ይዤዋለሁ። “የማኅበሩ ጣሪያ እስኪስተካከል ድረስ አዲስ ብድር መስጠት የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን።”

አናጢው፦ ከዚያስ?

ጸሐፊው፦ ከዚያ በታች ዝርዝር ነው። ዋናው ነገር የገባው ሰው ዝርዝር አያነብም።

አናጢው፦ (ደብዳቤውን ወስዶ፣ በጣቱ እየተከተለ) “ተቆጣጣሪዎቻችን... በመጡበት ዕለት... የአባላት ሰነድ... በዝናብ ርሶ ስለተገኘ... ቆርቆሮው በአስቸኳይ ይቀየር።”

(ጠብታ።)

ጸሐፊው፦ ቆርቆሮ ማለት እዚህ ላይ...

አናጢው፦ ቆርቆሮ ነው ጋሼ።

ጸሐፊው፦ (ባልዲውን ቀስ ብሎ ጠብታው ሥር ያስገባል) ብድር ከታገደ ስንት ወር ሆነ?

አናጢው፦ አምስት። እንደኔው ብድር ትጠብቅ የነበረችው ልብስ ሰፊ ሱቋን ከዘጋች ሦስት ሆኗታል።

ጸሐፊው፦ (ላቡን እየጠረገ) ወንድሜ፣ አንተ አናጢ አይደለህ? ዛሬውኑ ጣሪያው ላይ ውጣልኝ! ነገ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ እገዳው ይነሳል፣ ማሽንህን ትገዛለህ።

አናጢው፦ እሠራለሁ። የቆርቆሮና የሚስማር ይስጡኛ።

ጸሐፊው፦ ካዝናው ታግዷል። ለጊዜው በዱቤ ሥራልን።

አናጢው፦ በዱቤ?

ጸሐፊው፦ እኛ አንታመንም?

አናጢው፦ (ወንበሩን ስቦ በጸሐፊው ቦታ ይቀመጣል፤ መዝገቡን ይከፍታል) ማመልከቻ ይጻፉ። ሁለት ዋስ ያምጡ።

ጸሐፊው፦ እሺ፣ እሺ፣ አመጣለሁ። ሙሉውን ትሠራልኛለህ?

አናጢው፦ አይ፣ የኔም ዱቤ ጣሪያ አለው። የመዝገቦቹን በኩል እደፍናለሁ። የርስዎ ወንበር በኩል ዝርዝር ነው።