ለእንግዳ የሚቀርብ በሽተኛ

ደሴታችን ያላት አንዲት ጤና ኬላ ናት፤ ያለባትም ነርስ እኔ ብቻ ነኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከአንድ የአውስትራሊያ ቤተ ክርስቲያን አሥራ አራት በጎ ፈቃደኞች በጀልባ ይመጡና ስምንት ቀን ያክሙናል። ካቻምና ግን የታመመ ሰው ብዙም ስላልነበረ ዘጠኝ በሽተኛ ብቻ መጣላቸው። በስንብቱ ጸሎት ላይ መሪያቸው ወይዘሮ ብሮንዊን አለቀሱ።

እንግዳ ደሴታችን ላይ አልቅሶ አያውቅም። አለቃ ካልታክ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ነውሩ እንዳይደገም አስወሰኑ፦ እንደ ምግቡ ሁሉ በሽተኛም በየቤቱ ተራ ይወጣለታል። ዛሬ ጎደሬ ያቀረበ ቤት ነገ ሁለት በሽተኛ ያቀርባል።

በሽታውን የማከፋፈሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ የሙያ ጉዳይ ነውና። የእንግዶቹ መርሐ ግብር አካልን በቀን የከፈለ ነው፦ ማክሰኞ እግር፣ ሐሙስ ራስ፣ ዓርብ ደረት። ተመሳሳይ ሳል ተከታትሎ እንዳይቀርብ፣ ወንድም እህቱ ባለችበት ሆዱን እንዳይገልጥ ተጠንቅቄ ዝርዝሩን በሦስት ቀን ጨረስኩ።

አምና ለአክስቴ ለሌይማራ ቤት የደረሰው የሐሙስ ራስ ምታት ነበር። ችግሩ፣ አክስቴ የምር ታማ ነበር። ስኳር አለባት፤ የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች ጠቁረው መሽተት ጀምረዋል። ቶሎ ዋና ከተማችን ፖርት ቪላ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ ፈጣን ጀልባ ያላቸው ደግሞ እንግዶቹ ብቻ ናቸው።

“አለቃ፣ እግሯን ላሳያቸው” አልኳቸው።

“እግር ማክሰኞ አልፏል። ያውም የሌላ ቤት ተራ ነበር።”

“ጣቶቿ እየሞቱ ነው።”

“ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ነገር እንግዳ ፊት ይቀርባል? ደንግጠው ቢቀሩብንስ?”

ሐሙስ አክስቴ እግሯን በረጅም ቀሚሷ ሸፍና፣ ግንባሯን ይዛ ቀረበች። ሁለት ክኒን ተሰጣት፤ ተጸለየላት። ወይዘሮ ብሮንዊን “አሁንስ ራስሽን ያምሻል?” አሏት፤ አስተረጎምኩ።

“አያመኝም” አለች። እውነቷን ነበር።

በመጨረሻው ቀን ምስክርነት እንድትሰጥ ተመረጠች። ምሰሶውን ተደግፋ በአንድ እግሯ ቆማ መሰከረች፤ ፎቶ ተነሳች። ጸሎቱ ሲያበቃ የቀሚሷን ጫፍ ገልጬ ለወይዘሮ ብሮንዊን እግሯን አሳየሁና በጀልባው አንድ ቦታ ለመንኩ።

ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸውን ሳይዙ አዩ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

“ያሳዝናል። ግን እኮ የተፈወሰችው እሷ ናት። ፎቶዋ ለምእመናኑ ተልኳል። አሁን በቃሬዛ ወደብ ላይ ብትታይ የሰው እምነት አይናወጥም?”

“የዳነው ራሷ ነው፤ የታመመው እግሯ” አልኩ፣ ምስክርነቱን ላለማበላሸት።

“በዚያ ላይ ቦታ የለም።”

በእርግጥም አልነበረም። በምስጋና የሰጠናቸው አሥራ ሁለት ሰሌን ሦስት መቀመጫ ይዞ ነበር።

ነዳጅ ስናፈላልግ አምስት ቀን አለፈ። ከዚያ አክስቴን በአጎቴ ልጅ የዓሣ ጀልባ አሥራ አንድ ሰዓት ተጉዘን አደረስናት። በሁለት ጣት ያልቅ የነበረው ቆረጣ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ሄደ። የእንግዶቹ ሪፖርት መስከረም ላይ ደረሰን፦ ሦስት መቶ ስድስት ታካሚ፣ ሦስት መቶ ስድስት ፈውስ። መረመርኩት፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲቃረብ አለቃ ካልታክ አዲሱን ተራ ይዘው አክስቴ ደጃፍ መጡ።

“ሌይማራ፣ ዘንድሮ ቤትሽ የደረሰው ሳል ነው። ክራንችሽን ግን እንዳያዩት፤ ቀድመሽ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጠብቂያቸው።”

አክስቴ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጥቂት አሰበች።

“ደረቅ ሳል ነው” አለች፣ “ወይስ አክታ ያለው?”