የመርሳው የኬንያ ጉዳይ ኃላፊ

ማንም ሳይሾመው አገሩን ወክሎ ከጎረቤት አገር ጋር የሚሟገት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ፓስፖርት እንኳ የለው። አንዱ ሱዳንን ይዟል፣ ሌላው ጅቡቲን። በወሎዋ መርሳ ከተማ ለሚኖሩት ክቡር አቶ ሀብቴ የደረሰቻቸው ኬንያ ናት።

ጋሽ ሀብቴ ጎሚስታ ናቸው። ከወልድያ ሲወርድ ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር አስፋልቱ ዳር ካለችው ቤታቸው ይቆማል፤ ጎማው ተለጥፎ እስኪያልቅም ስለ አሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ሙሉ ትምህርት ይወስዳል። በጋሽ ሀብቴ ታሪክ ኬንያ አሸንፋ አታውቅም። ቀድማ ገብታ ታውቃለች፣ እሱን አይክዱም። "መቅደም ሌላ፣ ማሸነፍ ሌላ! ይመዝገብልኝ!" ይላሉ። መዝገቡ የት እንዳለና ማን እንደሚጽፍበት እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ በኩል የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ድርጅት ለፓምፕ ባለሙያው ቤት ፈልጎ መጣ። ባለሙያው ኬንያዊ ነው ሲባል ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ደነገጠች፤ ከጋሽ ሀብቴ ጋር አንድ ግቢ ኬንያዊ ማኖር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ታውቃለች። እሳቸው ግን ወዲያው እሺ አሉ። የሩጫ ልምምዱን በዓይናቸው ለማየት ነበር ሐሳባቸው።

የመጣው ሰው ስሙ ኦቲየኖ ነው። በበሩ መጀመሪያ የገባው ሆዱ ነበር፣ እሱ ቆየት ብሎ ተከተለ። ጋሽ ሀብቴ ከላይ እስከ ታች ዓይተውት፣ ዞር ብለው ደግሞ ከኋላው የሚመጣ ቀጭን ሰው ካለ ፈለጉ። ኦቲየኖ አማርኛ ከለመደ በኋላ ደጋግሞ አስረድቷቸዋል። "ጋሼ፣ እኔ ሉዎ ነኝ። እኛ ሐይቅ ዳር ነን፣ ዓሣ ነው የምንበላው። የሚሮጡት ሌሎቹ ጎሳዎች ናቸው።"

"እንዲህ እያሉ ነው የሚያዘናጉን" አሉ ጋሽ ሀብቴ ለዘነበች።

ሁለቱ አገሮች ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ በረንዳ ላይ ይገናኙ ጀመር። ኦቲየኖ በአገሩ መኪና በግራ እንደሚነዳ የተናገረ ዕለት ጋሽ ሀብቴ ሁለት ቀን አሰቡበትና በሦስተኛው፣ "ታዲያ ጎማው በየትኛው ጎን ነው የሚበላው?" ብለው ጠየቁ። ሌላ ቀን ደግሞ ኦቲየኖ በስዋሂሊም እንደ እኛው ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ተብሎ፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት እንደሚቆጠር ነገራቸው። ይኼን ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ከማን ወሰዳችሁት?"

"ከፀሐይ ነዋ!" አለች ዘነበች ከወጥ ቤት። ያ ምሽት ያለ አሸናፊ ተለያዩ።

ሁልጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ኦቲየኖ ኦሞ ላይ ስለተሠራው ግድብ አነሳና፣ ውኃው የሚወርድበት የቱርካና ሐይቅ እንዳይጎድል አገሩ ያለው ሰው እንደሚሰጋ ተናገረ። ጋሽ ሀብቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ቤቴ ቁጭ ብለህ ግድቤን!" አሉና ገብተው ተኙ። ለሁለት ቀን ግንኙነት ተቋረጠ፣ ድንበር ተዘጋ፤ መልእክት የምታመላልሰው ዘነበች ሆነች። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ሀብቴ ኮምፕረሰር ተበላሸ። ኦቲየኖ ማንም ሳይጠራው መፍቻውን ይዞ መጣ፣ ሆዱ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ ግማሽ ቀን ለፋበትና አስነሳው። ጋሽ ሀብቴ አመሰግናለሁ አላሉም፤ ማታ ግን ስለ ሐይቁ ጥልቀት ጠየቁት።

ዘንድሮ የዓለም ሻምፒዮናው ሲቃረብ ጋሽ ሀብቴ እህል አልበላ አላቸው። ባለፈው ኬንያ ቀድማ ገብታ ኦቲየኖ ለሰፈሩ ሁሉ ሙዝ አከፋፍሏል፤ እሳቸውም ለእንግዳ ክብር ሲሉ ሦስት በልተዋል። ዘንድሮ ሙዝ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። የአሥር ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቴሌቪዥኑ ግቢ ይወጣል፣ ሥራ ይዘጋል፣ ኦቲየኖ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል ተብሎ ተወሰነ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ የድርጅቱ ሾፌር ያሬድ እየተጣደፈ መጣ። የኦቲየኖ እናት አርፈዋል፤ ከናይሮቢ ለወልድያው ቢሮ ተደውሎ ነው የተሰማው። ኦቲየኖ ገና ከግራና አልተመለሰም።

"ሰምቷል?" አሉ ጋሽ ሀብቴ።

"አይመስለኝም። እዚያ ኔትወርክ የለም።"

"በል እንግዲህ ትንፍሽ እንዳትል! ሰው የእናቱን መርዶ በመንገድ ላይ አይረዳም። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ። ዛሬ እራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ።"

ኦቲየኖ ማታ ሲገባ ምንም እንዳይጠረጥር ታዲያ ቤቱ ደመቅ አለ። ዘነበች ያለ የሌለውን አቀረበች፣ ብላ በሞቴ አለች። ጋሽ ሀብቴ ስለ ቅዳሜው ውድድር አፋቸው አላርፍ አለ፤ ኬንያን አወረዱ፣ ሯጮቿን አንድ በአንድ አንከስክሰው ጣሉ፣ በማያስቅ ቀልድ ሳቁ። ኦቲየኖ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሰና ደክሞኛል ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። አብሮ የተቀመጠው ያሬድ ራሱን ቀና አድርጎ አላየውም።

ዓርብ ገና ሳይነጋጋ የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ዳኛ ሼህ አብዱሰመድ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከኋላቸው ስድስት ሽማግሌዎች አስከትለው በሩን አንኳኩ። ኦቲየኖ ለባብሶ፣ ጫማውን አስሮ ነው የከፈተው። አልጋው ላይ የታሰረ ሻንጣ አለ። ሼህ አብዱሰመድ እንደ ወጉ ነገሩን ከሩቅ፣ ከአደም ጀመሩ።

"ሼህ" አለ ኦቲየኖ ቀስ ብሎ። "አውቃለሁ። ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለልኝ። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታው ላይ ወጥቼ ነበር።"

ጋሽ ሀብቴ ጆሯቸውን አላመኑም። "ማን አጠገብህ ነበር?"

"ማንም።"

"ብቻህን ነው የተረዳኸው? የእናትህን?"

"እኛ አገር በስልክ ነው የሚነገረው፣ ጋሼ። ማታ ስመጣ ያሬድ ዓይኔን ሲሸሽ እናንተም እንደሰማችሁ ገባኝ። ያንን እያወቃችሁ ግን ተሳቀ። እኔ እዚህ ቤት ኬንያዊ ብቻ ነኝ ማለት ነው አልኩ። እሑድ በአውሮፕላን እሄዳለሁ፣ እዚያው እቀራለሁ። እስከዚያ ወልድያ ሆቴል እይዛለሁ።"

ጋሽ ሀብቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። "ልጄን ብቻውን አስለቀስኩት! ቤቴ ተቀምጦ፣ እናቱ ሞታበት፣ ሳቅኩበት!" ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሽማግሌዎች ኀዘንተኛውን ትተው እሳቸውን ያባብሉ ጀመር። ወጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለኦቲየኖ ያስረዳችው ዘነበች ናት፦ ቀን አይረዳም፣ ማታ አይረዳም፣ ሳይበላ አይረዳም፣ ብቻውን ፈጽሞ አይረዳም። ኦቲየኖ ሰማት። ሻንጣውን ግን አልፈታም።

ከዚያ የድንኳን ነገር መጣ። ተከራይ የቅሬ አባል አይደለም፤ ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ዘመድ ነው።

"እኔ አባል ነኝ" አሉ ጋሽ ሀብቴ። "ድንኳኑ ይውጣልኝ።"

"ሟቿ ምንህ ናቸው?" አሉ ሼህ አብዱሰመድ፣ ደንብ ደንብ ነውና።

ጋሽ ሀብቴ ብዙ አሰቡ። "የባላንጣዬ እናት።"

"ደንቡ ላይ ባላንጣ የሚል አልተጻፈም።"

"አይሁን የሚልስ ተጽፏል?"

አልተጻፈም ነበር። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፣ መርሳን በስም እንኳ ለማያውቁ፣ ሐይቅ ዳር ኪሱሙ ከተማ ለኖሩ እናት መርሳ ወጥቶ ተቀመጠ። ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር እያለ፣ እስላሙ አላህ ያጽናህ እያለ ይገባል። ሟቿ ገና አለመቀበራቸውን፣ የሉዎ ቀብር ሳምንትና ከዚያም በላይ እንደሚቆይ ሲሰሙ ጋሽ ሀብቴ ሊሟገቱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ኦቲየኖ መሐል ተቀምጧል። አላለቀሰም። ሽማግሌዎቹን ያስጨነቃቸው ይኸው ነው፣ የታፈነ ኀዘን ሰው ይጎዳል እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሆነ። ቴሌቪዥኑ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ጋሽ ሀብቴ ከኦቲየኖ ጎን መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ብቻ ሳያውቁት ዙር ይቆጥራል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት መርሳን ያናወጠ ጩኸት ተሰማ። ፉጨቱ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ እልልታው! ድንኳኑ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። መርሳ ውስጥ ያለው ኬንያዊ አንድ ነው፣ እሱም እዚህ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ኦቲየኖ ወደ ጋሽ ሀብቴ ዞረ። "ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?"

ጋሽ ሀብቴ ዓይኑን አላዩትም። "እናንተ" አሉ።

"ኬንያ?"

"ኬንያ። በሰፊ ልዩነት። አሸነፈች።"

"ታዲያ እነዚያ ምንድን ነው የሚጮኹት?"

"ተናደው ነው" አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ኦቲየኖ ትክ ብሎ አያቸው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሆድ ተናወጠና ሳቁ ፈነዳ፤ ድንኳኑ አብሮት ሳቀ፣ ሼህ አብዱሰመድ ሳይቀሩ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ጋሽ ሀብቴ ትከሻቸው ላይ ራሱን አስደግፈው፣ ከሱ ጋር እየተነቀነቁ፣ እናቱን በስማቸው እየጠሩ አስለቀሱት። ሽማግሌዎቹም "ተመስገን፣ ወጣለት" አሉ።

እሑድ ማለዳ ያሬድ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቅ ኦቲየኖ ሻንጣውን ፈታና ግማሹን ልብስ መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

"ጋሼ፣ እመለሳለሁ። ቤቴን ለሌላ እንዳታከራዩብኝ።"

"ለማን ነው የማከራየው!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሀብቴ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። "ሌላ ኬንያዊ ከየት አባቴ አመጣለሁ?"