በሳምንት ግማሽ ኪሎ

ወንዳፍራሽ ያን ሕልም ያየው በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ተዘርሮ ነው። ሕልም የሌሊት ነው የሚል ካለ ሦስት ቀን ሙሉ ተርቦ አያውቅም ማለት ነው።

ሰውየው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪ ከጨበጠ ሃያ ሁለት ዓመቱ። የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ተሳፋሪ ይዞላቸው የሚመጣን ሹፌር አያስከፍሉም፤ እንዲያውም መርጠው ነው የሚያቀርቡለት። እናም ጠዋት ሸኖ ላይ ጥብስ፣ ሲመለስ አለልቱ ላይ ቅቅል፣ በየመሐሉ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ያቆየችለት ራት ይጠብቀዋል። ከመቀመጫው የሚነሳው ለመብላት፣ ከምግቡ የሚነሳውም ለመቀመጥ ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሲገባ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው፤ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር።

ማንጠግቦሽ ናት ጎትታ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው። ሲስተር ትርንጎ የምትባል ረጋ ያለች ነርስ ግፊቱንም ስኳሩንም ለካችና ሁለቱም ከፍ ማለት እንደጀመሩ፣ ግን ገና እንዳልረፈደ ነገረችው። እንጀራውን በግማሽ እንዲቀንስ፣ ጎመኑንና ምስሩን እንዲያበዛ፣ ለስላሳውን በውኃ እንዲተካ፣ ራቱን በጊዜ እንዲበላ፣ በየቀኑም ግማሽ ሰዓት በእግሩ እንዲሄድ መከረችው። ሲወጣ በሩ ድረስ ተከትላው፣ "በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃዎታል፤ አይቸኩሉ" አለችው።

ወንዳፍራሽ ግማሽ ኪሎ ሲባል ተናደደ። በዚህ ዓይነት ጉዞ ዓመቱ ያልቃል። አባቱ የሞቱት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በዚሁ በስኳር በሽታ ነው። እሱ ደግሞ ሃምሳ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ይህንን ለሲስተር ትርንጎ አልነገራትም፤ ለማንጠግቦሽም ትንፍሽ አላለም። ብቻ ከሥራው ፈቃድ ወሰደና ከረቡዕ ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አፉ ሳያስገባ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ እየጠጣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ይሮጥ ጀመር። ማንጠግቦሽ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻም አኮረፈችው። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሦስት ኪሎ ጎድሏል። እሷ ገበያ ስትሄድ ደስ እያለው ዳገቱን እንደገና ሮጦ ወጣ፤ ወርዶ ቤቱ ሲገባ ዓይኑን እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ጋረደው። ሶፋው ላይ ወደቀ።

ወዲያው መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ራሱን አገኘው። አውቶቡሶቹ ጎማቸውን አውልቀው በእግራቸው ይንሸራሸሩ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ ሞተራቸው ጠፍቶ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ረድፍ ይዘው ቆመዋል። የራሱ አውቶቡስ የጎን መስታወቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ላብ በላብ ሆና መጣች። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

"ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ካልሄድኩ ሞተሬ ይከብደኛል" አለችው።

እሱንስ ማን እንደሚወስደው ጠየቀ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜህ የለም እንዴ?" አለች። ቂም ያለባት አትመስልም ነበር። ፎጣዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

በዚያ አገር ሰው ወደ ከተማ አይሄድም፤ ከተማው ነው የሚመጣው። ብዙም ሳይቆይ ሸኖ መጣችና አጠገቡ ቆመች። እሱም እንደ ልማዱ ደንበኛው የሆነው ምግብ ቤት ገባ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ግን ምግቦቹ ነበሩ። ጥብሱ ከነሸክላው እየጨሰ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አንድ ሳህን ጎመን መነጽር አድርጎ የምግብ ዝርዝር ያነባል። አስተናጋጁ ወንዳፍራሽን በብብቱ ይዞ አነሳና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ዛሬ ጥሩ ሹፌር አለ" አለ።

ጥብሱ ዞር አድርጎ አየው፤ በጣቱም ጎኑን ወጋ ወጋ አደረገው። ከዚያም ስቡ እንደበዛ፣ ሐኪም እንዲህ ዓይነት ነገር እንደከለከለው ተናግሮ ፊቱን አዞረ። ጎመኑ ግማሹን ብቻ ማግኘት ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ግማሽ እንደማይሸጥ ሲነገረው፣ እንግዲያው ይቅርብኝ፣ ማታ ይከብደኛል አለ። ከወዲያ ጥግ የነበረው ምስር ወጥ ዓይኑንም አላነሳ። አስተናጋጁ ይቅርታ እየጠየቀ ወንዳፍራሽን ወደ ጓዳ መለሰው። ከመበላት በመትረፉ ደስ ሊለው ሲገባ፣ የሚፈልገው በመጥፋቱ ከፋው። ሃያ ሁለት ዓመት የተከበረበት ቤት ነበር።

የጓዳው በር የሚከፈተው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ነርሶቹ ቁጥር ይዘው ተሰልፈዋል፤ በሽተኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ሲስተር ትርንጎ አርባ አንደኛ ነበረች። ወንዳፍራሽን ስታይ ፊቷ በራ፤ ምን ብትበላ እንደሚሻላትም በትሕትና ጠየቀችው። እሱም የሚያውቀውን መከራት።

"ምንም" አላት። "ምንም አይብሉ።"

ትርንጎ አመስግና በማስታወሻዋ ላይ ትጽፈው ጀመር። "ምንም" የሚለውን ጽፋ ሳትጨርስ እስክሪብቶዋ ቀጠነ፣ ከዚያ ጣቷ ቀጠነ፣ ከዚያ ሰልፉ ውስጥ አርባ አንደኛው ቦታ ባዶ ሆነ። አርባ ሁለተኛዋ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ወንዳፍራሽ ልቡ ደነገጠ፤ ሌላ ማንም ግን አልደነገጠም።

በዚህ መሐል አንድ ሚዛን መጥቶ ትከሻው ላይ ወጣ።

"ዛሬ ስንት ነኝ?" አለው።

ወንዳፍራሽ አፉ ላይ እንደመጣለት ሦስት ኪሎ አለው። በሽተኞቹ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሚዛኑ ቀስ ብሎ ወረደና፣ ሦስት ኪሎ ከረቡዕ ወዲህ ጠፍቶ እየተፈለገ መሆኑን በዝግታ ተናገረ። ከዚያ እጁን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው።

ፍርድ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወንዳፍራሽ ደረጃውን አልወጣውም፤ ደረጃው ነው እሱን የወጣው። እያንዳንዱ እርከን ትከሻውን ረግጦ፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ አለፈ። የመጨረሻው እርከን ሲያልፍ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ።

ዳኛው አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ናቸው። ነገር ማሰብ ሲፈልጉ ከላያቸው አንድ ቅጠል ገፈው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ከሳሹ ተነስ ሲባል የወንዳፍራሽ ቦርጭ ተነሳ። ከእሱ ተለይቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ ቆመ። ወንዳፍራሽ ቁልቁል ወደ ራሱ ሲያይ ጫማውን እስከ ጫፉ አየው። ካየው ብዙ ዓመቱ ነበር።

"ክቡር ዳኛ" አለ ቦርጩ፣ "እኔ ይህን ሰው ለምኜው አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያንኳኳ ገብቶ ያመጣውን ሲያስቀምጥብኝ ዝም ብዬ ተሸከምኩ። ከበቃህ ልሂድልህ ብዬውም ነበር። ግን ክፉ እንግዳ እንኳ እስከ በር ይሸኛል። እሱ በመስኮት ወረወረኝ።"

ዳኛው አንድ ቅጠል ገፈፉ። ሦስቱን ኪሎ በስንት ቀን እንደጨረሰው ጠየቁት። በሦስት ቀን አለ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ምን አስቸኮለህ?" አሉት ዳኛው።

ወንዳፍራሽ ብዙ መልስ ነበረው። ፈቃዱ አጭር ነው ሊል ነበር። ልብሱ ጠበበኝ ሊልም አስቦ ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባቴ" አለ።

ዳኛው አንድ ቅጠል፣ ከዚያ ሌላ ቅጠል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ገፈፉ፤ ሲናገሩ ትንሽዬ ሆነው ነበር። ተከሳሹ እንቁላል ተከትሎ እንዲሄድ ተፈርዶበታል አሉ። ቦርጩም ቀረብ ብሎ ጨበጠው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ጓዙን እንደሚያወጣም ነገረው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ወንዳፍራሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ ሲሄድ ግን አይቶት አያውቅም ነበር። እንቁላሉ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ኮንጎ ጫማ አድርጓል። ሰላምታም ሳይሰጠው መንገድ ጀመረ። ወንዳፍራሽ ተከተለው። መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማዩ ከታች፣ ሣሩ ከላይ። ከላይ የሚግጡት በጎች አልፎ አልፎ ቁልቁል ያዩታል። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም።

ከዚያ ከፊቱ አንድ ሰው ሲሄድ አየ። አረማመዱን ከኋላው አወቀው፤ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። ወንዳፍራሽ መሮጥ ጀመረ። በሮጠ ቁጥር ግን ሰውየው እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። እንቁላሉ መንገድ ዳር ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ።

"ስትሮጥ መንገዱ ይረዝማል" አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወንዳፍራሽ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። ቀስ ብሎ ሲራመድ ሰውየው ቀረብ አለ፤ ይበልጥ ሲዘገይ ይበልጥ ቀረበ። ጎን ለጎን ሲሆኑ አባቱ ነበሩ። ግን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ናቸው፤ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጸጉራቸው ጥቁር ነው። ወንዳፍራሽን እንደ ትልቅ ሰው ከአንገታቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት።

"እንደምን ዋሉ አባባ" አሉት። "ስንት ዓመትዎ ነው?"

"ሃምሳ አንድ ከስምንት ወር።"

"እኔ ሃምሳ ሁለት ላይ ወራጅ ነኝ" አሉ አባቱ፣ መንገድ ላይ እንደተገናኘ ተሳፋሪ ቀለል አድርገው።

"እኔም እዚያው የምወርድ መስሎኝ ነበር።"

አባቱ ከኪሳቸው አንድ ትኬት አውጥተው አገላብጠው አዩት።

"ማን ነገረዎት? ይሄ እኮ የኔ ነው" አሉ።

ወንዳፍራሽ የራሱን ትኬት ሊያይ እጁን ኪሱ ከተተ። ወረቀቱ ጣቱን ነካው። ሊያወጣው ሲል ከሩቅ ብረት በብረት ላይ ሲመታ ሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ እያከታተለ፣ እየቀረበ። ነቃ።

ነጭ ነጠላ ፊቱን ሸፍኖታል። ገለጥ ሲያደርገው ጎረቤቱ እትዬ ሽታዬ እግርጌው ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለካ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ስትጠራው አልመለሰላትም፤ እጁን ብትነካው በረዶ ነው። ሞተ ብላ ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ደርበው ቤታቸው አጥር ለአጥር በመሆኑ ጊዜ አላባከኑም። ያ የብረት ድምፅ የድንኳን ካስማ ሲመታ ነው።

ወንዳፍራሽ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ በሩ ወጣ። መዶሻ የያዘው ሰው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ድንኳኑ በግማሽ ቆሞ ነበር። ልክ በዚያ ሰዓት ማንጠግቦሽ ጎመንና ካሮት የሞላ ዘንቢል ይዛ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ድንኳኑን አየች። ዘንቢሉን አስቀመጠችና መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ወንዳፍራሽ እያረፈ እያረፈ አጠገቧ ደረሰ። ቀና ብላ አየችው፤ ጉንጩን በመዳፏ ያዘችው፤ ብዙ ጊዜ አልለቀቀችውም።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

"አልበላሁም።"

"ና ግባ።"

በመጀመሪያ ማር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣችው። ድንኳኑ ግን አልፈረሰም። ሰው ከየሰፈሩ እየመጣ ነው፤ የእድሩ ሴቶችም ምስሩን ጥደውታል፤ አቶ ደርበው የተጣደ ወጥ አይደፋም ብለው ፈረዱ። ወንዳፍራሽም ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ግማሽ እንጀራ በምስር፣ ጎኑ ላይ ጎመን ተደርጎለት፣ ቀስ እያለ ይበላ ጀመር። ከሩቅ ሰፈር የመጡ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ከጎኑ ተቀመጡ። ወሬው አልደረሳቸውም፤ እሱንም በመልክ አያውቁትም። በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እህል የሚወድ ሰው ነበር ይላሉ" አሉ። "ለመሆኑ ምን ገደለው?"

ወንዳፍራሽ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

"መቸኮል ነው አሉ።"

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። "ሹፌር ሁሉ እንዲሁ ነው" አሉ።