ሊቀ ሞተራት ቢተው እና የአባቴ ፊያት

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ለእኛ ለመካነ ሰላም ሰዎች የደረሱን ሊቀ ሞተራት ጋሼ ቢተው ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቢሰሙት ያንሰኛል ይላሉ።

ከደጎሎ የሚመጣ ሚኒባስ ዳገቱን ሳይጨርስ «የዚች ሞተር የራሷ አይደለም» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ካገኙኝ ሐኪሙ የጠየቀኝን ሕመም እሳቸው ያስረዳሉ። በአባቴ ቀብር ዕለት እንኳ፣ አስከሬኑን የጫነው አይሱዙ ሲቆም «የጎማው ኩሽኔታ አልቋል» ብለዋል። ያን ቀን ጠላኋቸው።

አባቴ የተወልኝ ባለሁለት በር ፊያት 124 ስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ ሲሞትባቸው የቶዮታ ኮሮላ ሞተር አስገብተውላታል። በስሜ እንድትዞር የትራንስፖርት ቢሮ መርማሪ ሊያያት ነው፤ ፊያትነቷ ካልተረጋገጠ ፋይሉ ይዘጋል፣ እሷም ተበታትና ትሸጣለች። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። አንድ ፊደል የጎደለው ወረቀት ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ።

ጋሼ ሳይጠሩ መጡ።

«ሥርጉት፣ በድምፅ ከሄድሽ ቶዮታ ናት። በአጥንት ከሄድሽ ግን ፊያት።»

ኮፈኑን ከፍተው የሻንሲውን ቁጥር ናፍጣ በነካ ጨርቅ ፈተጉ። 124 ወጣ። ቀጥሎ ኤ። የመጨረሻዋን ፊደል ዝገት በልቷታል።

«ሲ ናት» አሉ።

«ያልታየ አይጻፍም፣ ጋሼ።»

«ኤ ብቻ ብትሆን አራት በር በኖራት። መጨረሻዋ ኤስ ብትሆን ደግሞ ጣሪያዋ ሸራ ነበር።»

ጣሪያዋን ነካሁ፤ ብረት ነው።

መርማሪው ወጣት ነው። ሞተሩን ብቻ አይቶ እስክሪብቶውን አነሳ። «ቶዮታ ብዬ ነው የምመዘግበው።»

ጋሼ ቀደሙኝ።

«የኔ ጌታ፣ እናትህ ሌላ ባል ብታገባ የአባትህ ስም ይፋቃል እንዴ?»

መርማሪው ሳቁን ዋጠ። ወደ ሻንሲው ጎንበስ ብሎ ጣቱን በዝገቱ ላይ አስኬደ፤ በሮቹን አየ፤ ጣሪያዋን አየ። ከዚያ «ፊያት 124 ስፖርት፣ ሞተር የተቀየረ» ብሎ ጻፈ።

ተነፈስኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ባለንብረቱ የት አሉ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ የሞት መዝገብ ላይ አስፍሬዋለሁ። በአፌ ግን ለማንም ብዬው አላውቅም።

«መምህር ወንድማገኘሁ አርፈዋል» አሉ ጋሼ ቢተው። «እሷ ልጃቸው ናት።»

አንድ ቀን ዝም ባሉልኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር።