ጋሼ እርማትና የፍሪጁ ዲግሪ

ሳይጠየቅ የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። ቢሠራም ሄዶ «መሠረቱ ተጣሟል» የሚል አይጠፋም።

የዚህ ሰፈር ባለተራ ክቡር ጋሼ እርማት ናቸው፤ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሐኪሙን ስለ ደም ግፊት፣ ሹፌሩን ስለ መሪ አያያዝ ያርማሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ዕድሜ አርመዋል። ደግሞ ልክ ናቸው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ሙቀት ነው። ሬዲዮው «ሃያ አራት ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ካለ አለቀለት። «ምን ሴንቲግሬድ? ሴልሺየስ ነው! ሌላ ነገር አታውሩ!»

ከግድግዳቸው ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ይህን በየጠዋቱ ትሰማለች። ፊደል የቆጠረችው ካደገች በኋላ ነው፤ ሰው ፊት አታነብም። አንድ ቀን ከሰዓት የእናቷን የስኳር መርፌ መድኃኒት ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ካርቶኑን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ከ2 እስከ 8 ሴንቲግሬድ»። ፍሪጁ ውስጥ የተንጠለጠለው መለኪያ ደግሞ «ሴልሺየስ» ይላል፤ አምስት ላይ ቆሟል።

ደነገጠች። የሴልሺየስ አምስት በሴንቲግሬድ ስንት ይሆን? ሃያ ቢሆንስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቷን የተበላሸ መድኃኒት ስትወጋ ከርማ ቢሆንስ? ፋርማሲ ሄዳ እንዳትጠይቅ፣ «ማንበብ አትችይም እንዴ?» የሚሏት መሰላት።

«ምነው ቆየሽ? መርፌዬ ሰዓቱ ደረሰ እኮ!» አሉ እናቷ ከአልጋ።

ሰው ጋሼ እርማትን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እሷ በራቸውን አንኳኳች፣ ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ።

«ጋሼ... ይሄ ሴንቲግሬድ ይላል። የኔ ፍሪጅ ግን በሴልሺየስ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «አንድ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁለቱም። ሴንቲግሬድ የድሮ ስሙ ነው። አምስቱ ያው አምስት ነው።»

«መድኃኒቱ አልተበላሸም?»

«ምን ያበላሸዋል?»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እፎይታው ሳቅም እንባም ሆነባት። «ታዲያ በየጠዋቱ ምን ያስጮህዎታል?»

ጋሼ እርማት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሱማ... ልማድ ነው። አስደነገጥኩሽ አይደል? ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

አብረዋት መጥተው መለኪያውን አዩላት። እናትየው ተወጉ። ጋሼም ወንበር ስበው ተቀመጡ፦ ፍሪጁ ከግድግዳ ይራቅ፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ሻይ እንዲህ አይቀዳም...

«እሺ ጋሼ፣ ሌላስ?» ትላቸዋለች፣ ብርጭቋቸውን እንደገና እየሞላች።